የፖስታው ጀርባ

ስሜ ሲጠራ አቤት አልልም። ይህን ጠባዬን ወረታ ውስጥ የሚያውቀኝ ሁሉ ያውቀዋል፤ ኩራት ነው የሚል አለ፣ ጆሮው ደክሟል የሚልም አለ። ባለፈው ሰሞን የደም ግፊት መድኃኒቴን ልቀበል ጤና ጣቢያ ሄጄ፣ የካርድ ክፍሏ ሴትዮ በመስኮቱ አንገቷን አውጥታ «ይርዳው ተሰማ! ይርዳው ተሰማ!» እያለች ስትጮህ እንደ ልማዴ ዝም ብዬ ተነሣሁና መስኮቷ ሥር ሄጄ ቆምኩ። «አባባ፣ ሦስት ጊዜ ጠራሁዎ እኮ! አይሰሙም?» አለችኝ። «እሰማለሁ ልጄ፤ ግን የሰው ስም እንዲህ አይጠራም። ቀስ አድርገሽ ጥሪ» አልኳት። ይህን ያልኩት በለሆሳስ ነው። ቢሆንም ከኋላዬ አግዳሚው ላይ የተቀመጡ አንዲት መነኩሴ ራሳቸውን ቀስ ብለው ወደ እኔ አዞሩ። ሁለቱም ዓይኖቻቸው ሞራ ለብሰዋል። «ይህን ድምፅ አውቀዋለሁ» አሉ ለራሳቸው ያህል፤ «አንበሳሜ ገበያ የሰማሁት ድምፅ ነው።»

ከአርባ ዓመት በላይ ያለፈ ነገር ነው፤ ድምፄም ያኔ የነበረው ድምፅ አይደለም፣ እኔው ራሴ አንቄ የገደልኩት ድምፅ ነው። እሳቸው ግን አወቁት። አጠገባቸው ቁጭ አልኩ። «የሸማኔው የገላዬ ሚስት ነበርኩ» አሉኝ፤ «ልወቅስዎ አይደለም፤ እሱን ድሮ ለእግዜር ሰጥቼዋለሁ። አንዲት ነገር ብቻ ልጠይቅዎ። ያ ደብዳቤ ጀርባው ላይ የተጻፈ ነገር ነበረው ወይስ ባዶ ነበር?» መልሴን ሳይጠብቁ ቀጠሉ። ደብዳቤውን የጻፉት መሪጌታ ጣራ ገዳም ሥር፣ ከእማሆይ ጎጆ አጠገብ፣ አልጋ ላይ ወድቀዋል። የገላዬ እናት «ጀርባው ላይ ጻፉልኝ ብዬ ለምኛቸው ረስተው ልጄን ያስገደሉት መሪጌታ ናቸው» እያለች እንደ ረገመቻቸው ሞተች፤ አገሩም አመናት። መሪጌታ «ጽፌአለሁ» ቢሉ የሚሰማቸው ጠፍቶ ተማሪዎቻቸውን በትነው ከደብራቸው ወጡ። «አሁንማ እሳቸውም ራሳቸውን አያምኑም» አሉኝ እማሆይ። «'እውነት ጽፌ ነበር ወይ?' ይሉኛል ጧት ማታ። ቀናቸው ደርሷል። ይህን ጥያቄ ይዘው እንዳይሄዱ ነው የምፈራው።» እኔ ሆዬ «እስኪ ላስታውስ፤ እሑድ ጣራ ገዳም እመጣለሁ» አልኳቸው። ላስታውስ ማለቴ ያሳፍራል። አንድም ቀን ረስቼው አላውቅም።

ወረታ ያኔ ከመንታ መንገዷ አትዘልም ነበር። አንዱ መንገድ ወደ ጎንደር፣ አንዱ ወደ ባሕር ዳር፣ አንዱ ሽቅብ ወደ ደብረ ታቦር፤ እመሐላቸው የቆርቆሮ ቤቶቹ በጣት የሚቆጠሩ። ዛሬ ጧት ማታ ጆሯችንን የሚያደነቁረው የሩዝ መፈልፈያ አልመጣም፤ ሩዝ ራሱ ገና ሥር አልሰደደም። ሜዳው ኑግና ጤፍ፣ ውኃው ሲሸሽ ደግሞ ጓያ ነበር። የፎገራ ላሞች ጡታቸው ሊፈርጥ ደርሶ መንገዱን ሲያቋርጡ የጭነት መኪና ቆሞ ያሳልፋቸዋል። መንታው ላይ ያለችው የወይዘሮ ደብሬ ጠጅ ቤት አንድ ብርሌ በስሙኒ ትሸጥ ነበር፤ ባትሪ የሚበላው ሬዲዮዋ ከሰዓት በኋላ ዘፈን ሲጀምር ሾፌሩ፣ ደላላው፣ የቀን ሠራተኛው በሯ ላይ ይኮለኮላል። እኔም እዚያ አልጠፋም። ጠጉሬን አጎፍሬ፣ ካኪ ኮቴን ደርቤ፣ ሱሪዬን ከታች አስፍቼ አሰፍቼ። ደግሞ ድምፅ ነበረኝ! ከመንታው ጠርቼ ርብ ድልድይ ላይ ያለ ሰው ይዞራል እያሉ ይቀልዱብኝ ነበር። በዚያ ድምፅ ነው እንጀራዬን የምበላው፤ የመንገድ ሥራ ካምፕ ውስጥ ሰዓት ተቆጣጣሪ ነበርኩ። ጧት ጧት በርሜል ላይ ወጥቼ የሁለት መቶ ሠራተኛ ስም ከነአባቱ ያለ ወረቀት እጠራለሁ፤ ሁለት መቶው «አቤት!» ይላል። ንጉሥ የሆንኩ ይመስለኝ ነበር።

አንድ ጧት ካቦው የታጠፈ ወረቀት ሰጠኝና «እነዚህን ጥራ» አለኝ። በርሜሌ ላይ ወጣሁ። ስማቸው የተጠራ ሁሉ እንደ ዘወትሩ «አቤት!» እያሉ ወደ ግራ ይሰለፋሉ። ሃምሳው ያህል ከተሰለፈ በኋላ ነው ነገሩ የገባቸው፤ ወረቀቱ የተቀናሾች ነበር። ሥራችን ድንጋይ መጥረብ ነውና ድንጋይ አልጠፋም። የመጀመሪያው በርሜሉን መታው፣ ሁለተኛው ከንፈሬን ሰነጠቀው። አካፋ የያዘ አንድ ጎረምሳ የካቦውን ራስ በረቃቀሰው፤ ካቦው ደሙ ዓይኑ ውስጥ እየገባ እየዳበሰ ሲሮጥ መጋዘኑ በር ላይ ተደፋ፤ እዚያም ረገጡት። ዘበኛው ወደ ሰማይ ተኮሰ። እኔ ግትር ነኝ፤ የጀመርኩትን ሳልጨርስ አልወርድም ብዬ በተሰነጠቀ ከንፈሬ መጥራቴን ቀጠልኩ። አካፋው እግሬ ሥር አርፎ በርሜሉን ሲገለብጠው መሬት ላይ ተቀምጬም አነበብኩ። መጨረሻው ላይ «ይርዳው ተሰማ» ይላል። ጠራሁትና፣ ከልማድ የተነሣ፣ ራሴው «አቤት!» አልኩ። አካፋ የያዘው ጎረምሳ እንኳ ሳቀ። እንዲህ ነው ከሥራ የተቀነስኩት፤ የራሴን ስም በራሴ አፍ ጠርቼ።

ከዚያ ስምንት ወር ያህል ሥራ ፈትቼ ዋልኩ። የወይዘሮ ደብሬን ደጅ በሩቁ አልፋለሁ፤ ኮቴ ክርኑ ላይ አለቀ፤ ሚስቴ የመጀመሪያ ልጃችንን አርግዛ የሰው እህል ስትፈጭ ትውላለች። ሥራ የሌለው ወንድ ቤቱ ውስጥ የሚይዘው ቦታ እንዴት ትንሽ እንደ ሆነ ያየ ያውቀዋል። እንዲህ እያለሁ የፖስታ አመላላሹ የአያ ምትኩ ጉልበት አለቀና ሰው ይፈለጋል ተባለ። ማንበብ የሚችል፣ እግሩ የሚጸና። አገኘሁት። ባለ ቁልፍ የሸራ ቦርሳ፣ የነሐስ ምልክት ያለው ቆብና ጥቁር ቆዳ ጫማ ሰጡኝ። ያን ጫማ መጀመሪያ ያደረግሁ ቀን ሚስቴ እግሬን እያየች አለቀሰች። እኔም አለቀስኩ።

መንገዴ ከወረታ ሐሙሲት በመኪና፣ ከሐሙሲት አንበሳሜ በእግር ነው። አያ ምትኩ ቦርሳውን ሲያስረክበኝ ሁለት ነገር መከረኝ። «አንተ ልጅ፣ የዚህ አገር ሰው የቤት ቁጥር የለውም፤ ስም ብቻ ነው ያለው። ስም ደግሞ ባደባባይ አይጠራም። ደም ያለበት ሰው ሞልቷል። ጠጋ ብለህ ሽማግሌ ጠይቅ፤ በጆሮ ንገር።» አንደኛው ይህ ነው። ሁለተኛውን አንድ ፖስታ አንሥቶ እያገላበጠ አሳየኝ። «ፊቱ የመንግሥት ነው፤ ጀርባው የሰው ነው። መጀመሪያ ጀርባውን እይ።» እውነቱን ነው። ደብዳቤ የሚጽፉት የየደብሩ መሪጌቶችና ደብተራዎች ስለ ነበሩ፣ ለባለቤቱ ሳይሆን ለአድራሹ የሚሆን ቃል በጥቁር ቀለም፣ በደቃቅ ፊደል፣ ጀርባው ላይ ያሰፍሩ ነበር። «ሰክሮ ከተገኘ አይሰጠው።» «ለሚስቱ እንጂ ለእናቱ አይነበብ።» «መርዶ አለበትና እህል ከቀመሰ በኋላ ይሰጥ።» አያ ምትኩ አንድን ደብዳቤ ለማድረስ ጠላ ቤት ሦስት ሰዓት ይቀመጥ የነበረው ለዚህ ነው።

እኔ ግን ሳቅሁበት። ሽማግሌ ሥራ ፈትቶ ነው አልኩ። ሁለት መቶ ሰው በአንድ ትንፋሽ የጠራሁ ሰው ለሠላሳ ደብዳቤ የሰው ጆሮ ሥር ሳንሾካሹክ ልዋል? በመጀመሪያው የገበያ ቀን አንበሳሜ ወርካው ሥር ካለው ድንጋይ ላይ ወጣሁና የድሮ ድምፄን ለቀቅሁት። ገበያው ጸጥ አለ፤ ከዚያ «አቤት!» ከዚህም ከዚያም መጣ። አያ ምትኩ ሁለት ቀን የሚፈጅበትን ቦርሳ በአንድ ሰዓት ባዶ አደረግሁት። የፖስታ ቤቱ ኃላፊ «እንዲህ ነው እንጂ ሥራ!» ሲለኝ በርሜሌ ላይ ተመልሼ የወጣሁ መሰለኝ። ልጃገረዶች እንኳ ዘፈን አወጡልኝ፤

ያ ፖስታ አመላላሽ ቦርሳው ሞልቶለታል፣
የኔዋን ደብዳቤ ወዴት ጥሎት መጥቷል።

ሥራው ግን ዱላ ነበረው። የጉማራን ወንዝ ተሻግሬ ካሉት መንደሮች በአንዱ ውሻ ባቴን ዘንጥሎ ሥጋውን አንጠልጥሎት ነበር፤ ጠባሳው ዛሬም ጣት ያስገባል። ሐሙሲት ላይ አንድ ገበሬ የፍርድ ቤት መጥሪያ አንብቤለት ሳልጨርስ በያዘው ሽመል ጆሮ ግንዴን ብሎኝ አሸዋ ላይ ተዘረጋሁ። «ያነበብከው አንተ ነህ!» እያለ ሁለተኛ ሊደግመኝ ሲል ነው ሰው የያዘው። እየደማሁ ቤቴ ገብቼ ለሚስቴ «ፈረስ ጣለኝ» አልኳት፤ ፈረስ ግን አልነበረኝም።

አሁን ስለ ገላዬ ልንገራችሁ። ጣና ክረምት ሞልቶ ሜዳውን ይውጣል፤ ከመስከረም በኋላ እየሸሸ መሬቱን ይመልሳል። ባሕር ሸሽ እንለዋለን። አፈሩ ቅቤ ነው፤ ችግሩ ውኃው ድንበሩን አብሮት ይዞ መሄዱ ነው። ስለዚህ በየዓመቱ «እስከዚህ የኔ ነው» «አይደለም» እየተባለ ዱላ ይነሣል፤ አንዳንድ ዓመት ጥይት ይተኮሳል። ከርብ ማዶ የአንድ ባላገር ልጅ፣ መኳንንት አበጀ የሚባል፣ በእንዲህ ያለ ጠብ ጎረቤቱን በሞፈር መትቶ ገደለና ጠፋ። የሟቹ ወንድም ከብት ነጋዴ ሆኖ ከገበያ ገበያ ሲያስሰው ሰባት ዓመት ሞላው። መኳንንት የት ገባ? አንበሳሜ፣ ሸማኔዎች ተራ ውስጥ። ስሙን ገላዬ አሰኝቶ እጅ ሥራ ተምሮ ጉድጓድ ውስጥ እግሩን ከትቶ ሲሸምን ይውላል። ያኔ ባላገር ሸማኔን ዝቅ አድርጎ ያያል፤ ኩሩ የገበሬ ልጅ ከሸማኔ ጉድጓድ ይገባል ብሎ የሚጠረጥር የለም። እዚያው ሚስት አገባ፤ የዛሬዋን እማሆይ። ይህን ሁሉ እኔ ያወቅሁት በኋላ ነው። ያን ቀን የማውቀው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ቦርሳዬ ውስጥ «ለመኳንንት አበጀ፣ አንበሳሜ ገበያ» የሚል ደብዳቤ አለ።

ድንጋዩ ላይ ወጣሁ። ሌሎቹን ሁሉ አድዬ ያ አንዱ ቀረኝ። «መኳንንት አበጀ!» ብዬ ጠራሁ። መልስ የለም። «መኳንንት አበጀ!» መልስ የለም። ሦስተኛውን ሳንባዬን ሞልቼ ለቀቅሁት። ያን ጊዜ ከሸማኔዎቹ ተራ፣ ጋቢና ነጠላ ደርድሮ የተቀመጠ አንድ ቀጭን ሰው ራሱን በጥቂቱ ዞር አደረገ፣ ቶሎ ብሎ ደግሞ መለሰ። አየሁት። ደስ አለኝ፤ ደብዳቤ ተመላሽ ማድረግ ኩራቴን ይነካው ነበር። ከድንጋዩ ዘልዬ ወርጄ እፊቱ ቆምኩ።

«አንተ ነህ መኳንንት?»

«አይደለሁም ወንድሜ። ገላዬ ነው ስሜ።»

ፊቱ አመድ መስሎ ነበር። ሰው ያን ፊት እያየ ዝም ማለት ነበረበት። እኔ ግን ገበያ ማሳቅ ለምጄ፣ በዚያ በተረገመ ድምፄ «ታዲያ ለምን ዞርክ?» አልኩት። ሰዉ ሳቀ። ከወርካው ማዶ፣ ከከብት ተራው፣ አንድ ሰው አልሳቀም።

ያ ሰውና አንድ ዘመዱ ሸክላ ሠሪዎቹን እየረገጡ መጡ፤ እንስራና ጀበናው ከእግራቸው ሥር ሲፈርጥ ይሰማኛል፣ ዛሬም ሸክላ ሲሰበር እዘላለሁ። ገላዬ ለመነሣት እንኳ ጊዜ አላገኘም። የመጀመሪያው ምት በምሳር ጀርባ ትከሻው ላይ ነበር፤ አጥንቱ ሲሰበር እኔ ሰማሁት። ሁለተኛው በስለቱ ነው። በጋቢዎቹ ላይ ወደቀ፤ ነጩ ሁሉ ቀላ። ሚስቱ «በማርያም! በማርያም!» እያለች ላዩ ላይ ተደፋች፤ በጠጉሯ ጎትተው ወረወሯት። እኔ ምን እንደ ነካኝ አላውቅም፤ ቦርሳዬን በሁለት እጄ አንሥቼ መሐላቸው ገባሁ። ዘመድየው በሽመሉ ክንዴን ሲለው እንደ ደረቅ እንጨት ቀጭ አለ፤ ይህ ቀኝ እጄ ከዚያ ወዲህ ከትከሻዬ በላይ ወጥቶ አያውቅም። ጥርሴ አፌ ውስጥ ረገፈ። ወድቄ ሳለሁ ምሳሩ ሦስት ጊዜ፣ አራት ጊዜ ሲነሣ አየሁ። የገላዬ እግር ሸማ ሲሠራ እንደሚረግጠው አድርጎ መሬቱን ረገጠ፤ ከዚያ ቆመ። አንድ ሰው ጠበንጃ ተኮሰ፤ ገበያው ፈረሰ፣ አህያው ከነጭነቱ ሰው ረግጦ አለፈ። ገዳዩ በዚያ ሁሉ ትርምስ መሐል ደም የነከረ ምሳሩን አንሥቶ «ደሜን መለስኩ!» እያለ ፎከረ። ፉከራውን ጨርሶ ጎንበስ አለና፣ እኔን በስስት አየኝ። «አንተ ባለ ቦርሳ፣ እግዜር ይስጥህ» አለኝ፤ «ሰባት ዓመት የፈለግሁትን ባንድ ጩኸት ሰጠኸኝ።»

እኔን ሲያመሰግኑኝ ክፉኛ ደስ የሚለኝ ሰው ነበርኩ። ከዚያ ቀን ወዲህ ምስጋና ስሰማ ያቅለሸልሸኛል።

ሐሙሲት ጤና ጣቢያ ክንዴን በጣውላ አስረው አስተኙኝ። በማግሥቱ ጧት በደህና እጄ ኮቴን ስደባብስ ያ ደብዳቤ የውስጥ ኪሴ ውስጥ ተገኘ፤ መቼ እንደ ከተትኩት አላስታውስም። ጥጉን ደም ነክቶታል። ስሙን ላለማየት ብዬ ገለበጥኩት። ጀርባው ላይ፣ በጥቁር ቀለም፣ ውብ በሆነ የመሪጌታ ደቃቅ ፊደል፣ እንዲህ ይላል፤ «ባደባባይ አይጠራ። ከሸማኔዎቹ መሐል ላለው ገላዬ በጆሮው ይነገር።»

እናትየዋ ልጇን በሐሰት ስም አልጠራም ብላ ነበር አሉ። «በሌላ ስም ብጽፍለት የሌላ ሰው ልጅ ይሆንብኛል» ብላ ፊቱ ላይ እውነተኛ ስሙን አስጻፈች፤ መሪጌታ ደግሞ እንደ ለመነቻቸው ጀርባው ላይ ማስጠንቀቂያውን ጻፉ። የቀረ ነገር አልነበረም። አንድ ሰው ፖስታውን መገልበጥ ብቻ ነበረበት፤ ያ ሰው እኔ ነበርኩ።

ክንዴ ሳይጠገን ሽማግሌዎች በመሪጌታ ደብር ቅጥር ውስጥ ተቀምጠው አስጠሩኝ። እናትየዋ መሬት ላይ ተቀምጣ ደረቷን ትደቃለች፤ መሪጌታ ጥምጥማቸውን አስተካክለው ከፊቴ ቆመዋል። እሳቸውን ሳይ ያ የመጀመሪያዬ ነበር። «ልጄ፣ ጀርባው ላይ ጽፌአለሁ። ደብዳቤው የት አለ?» አሉኝ፣ በትሕትና። ደብዳቤው ኮቴ ውስጥ፣ ደረቴ ላይ ነበር። ሚስቴ ልትወልድ ሳምንት ቀርቷታል። የጥቁር ጫማዬ ሶል ገና አላለቀም። ያ ስምንት ወር በዓይኔ ላይ መጣ፤ ሥራ ፈት ሆኖ ደጅ መቀመጡ፣ የእህል ወፍጮው ድምፅ፣ የሚስቴ መዳፍ። «በግርግሩ ጠፋብኝ» አልኩ። «ጀርባው ላይ ጽሑፍ አይተሃል?» ብለው ሽማግሌዎቹ ጠየቁኝ። «ስጠራው አላየሁም» ብዬ ማልኩ። ቃሉ ውሸት አልነበረበትም፤ ከውሸት የከፋ ነበር። እናትየዋ ዘላ የመሪጌታን ጥምጥም ገፈፈች፤ ፊታቸውን በጥፍሯ ቧጠጠችው። አንድ ሰው ከኋላ ድንጋይ ወረወረ፤ ግንባራቸውን መታቸው። ደሙ በጺማቸው ላይ እየወረደ እኔኑ ያዩ ነበር እንጂ የወረወረውን ለማየት አልዞሩም።

እኔ ሥራዬን አላጣሁም። ከሃያ ዓመት በላይ ያንን ቦርሳ ተሸከምኩ፤ ድምፄን ግን ከዚያ በኋላ አላወጣሁም። ገበያ መሐል ገብቼ ጠጋ እላለሁ፣ ሰው ጆሮ ሥር አንሾካሹካለሁ፣ የፖስታውን ጀርባ ሦስት ጊዜ አያለሁ። «ሹክታው» አሉኝ። ምስጢር ጠባቂ ነው ተባልኩ፤ ሰው ለልጁ ያልነገረውን ይነግረኝ ጀመር። ጡረታ ስወጣ የአንበሳሜ ሽማግሌዎች ለታማኝነቴ ጋቢ ሸለሙኝ። አንድም ቀን አልደረብኩትም። አሁን ደብዳቤ የሚባል ነገር ቀርቷል፤ ሁሉም ስልኩን ጆሮው ላይ ለጥፎ መንገድ ላይ የቤቱን ጉድ ይጮኻል። ዛሬም ሜዳው ላይ ተኩስ ሲሰማ ሰዉ «ማንን ይሆን?» ይላል። እኔ ደግሞ ስሙን ማን ጠርቶት ይሆን እላለሁ።

እሑድ ማልጄ በሚኒባስ አዲስ ዘመን ከተማ ወርጄ ወደ ጣራ ገዳም ሽቅብ ወጣሁ። ደብዳቤው ከማርያም ሥዕል ጀርባ፣ እስካሁን ከደበቅሁበት፣ ወጥቶ ኪሴ ውስጥ ነበር። የሌላ ሰው ነውና አንድም ቀን አልከፈትኩትም። እማሆይ ደጃቸው ላይ ተቀምጠው ዳናዬን ሲሰሙ ተነሡ። እጃቸው ላይ አኖርኩት። ጣታቸውን በጀርባው ላይ አንሸራሸሩት፤ ማየት አይችሉም፣ ቀለሙ ግን ወረቀቱን በልቶት ስለ ነበር የፊደሉ ስርጉድ ይዳሰሳል።

«አለ» አሉ። «እስከ ዛሬ ከርስዎ ዘንድ ነበረ?»

«ከኔ ዘንድ ነበረ። ያላየሁት እኔ ነኝ፤ የደበቅሁትም እኔ ነኝ። እንጀራዬን ፈርቼ ነው።»

ይመቱኛል ብዬ ጠብቄ ነበር፤ ቢመቱኝ በወደድኩ። «እናቱ የጻፈችው ለእሱ ነው» አሉና ሳይከፍቱት ብብታቸው ውስጥ ከተቱት፤ «ስሄድ ይዤለት እሄዳለሁ። አሁን ይግቡና ለመሪጌታ ይንገሩ።»

መሪጌታ መደብ ላይ በደበሎ ተጠቅልለው ተኝተዋል፤ ግንባራቸው ላይ ያ ድንጋይ የተወው ምልክት አለ። ተንበረከክሁ። አርባ ዓመት እንደ ለመድኩት ጆሯቸው ሥር ጠጋ ብዬ «መሪጌታ፣ ጽፈው ነበር» አልኳቸው። አልሰሙኝም። «ማነው? ምን ይላል?» አሉ። ደገምኩት። «ምን ይላል?» እማሆይ ከበሩ ላይ «ጆሯቸው ከደከመ ቆይቷል። ጮክ ይበሉ» አሉኝ።

አልቻልኩም። አፌን ስከፍት የሚመጣብኝ ያ ምሳር ነው። «ይበሉ እንጂ!» አሉ እማሆይ፤ «እሱን ሲጠሩት እንዲህ አልቸገረዎትም!» ያን ጊዜ ለቀቅሁት። ወርካው ሥር የነበረው ድምፄ ከየት እንደ መጣ ሳላውቀው መጣ፤ ጎጆዋ ተንቀጠቀጠች። «ጽፈው ነበር! መሪጌታ ጽፈው ነበር! ያላነበብኩት እኔ ነኝ! የደበቅሁት እኔ ነኝ!» ከየጎጆው መነኮሳት ወጡ፣ ከቅዳሴ የሚመለሱ ሰዎች መንገዱ ላይ ቆሙ።

የመሪጌታ ከንፈር ተንቀሳቀሰ። «እኮ!» አሉ። «እማሆይ፣ ሰማሽ? ጽፌ ነበር።» እንባቸው በጺማቸው ላይ፣ ያኔ ደማቸው በወረደበት መንገድ ወረደ። ከዚያ እጃቸውን ዘርግተው ዳበሱኝና ያን የተሰበረ ክንዴን ያዙት።

«ልጄ፣ ድምፅህ አገር ያሰማል» አሉኝ። «ወደ ደጅ ውጣና እንደገና በለው።»

ወጣሁ። ፊቴን ወደ ፎገራ ሜዳ አዙሬ፣ ድምፄ እስኪዘጋ ድረስ ጮህኩ።